ማስተካከያ፦ አፖስትሮፍ (’) የሚገባው ፊደል በወደቀበት ቦታ ነው

ልጆችን እንግሊዝኛ ስለማስተማር ባለፈው ስጽፍ፣ «ሁለት ቃላት ሲያጥሩ አፖስትሮፉ የሚደረገው ቃላቱ የሚገጥሙበት ቦታ ላይ ነው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ምልክቱ የሚገባው ፊደል በጎደለበት ቦታ ነው።

«አይ አም» (I am) ወደ «አይም» (I’m) ሲያጥር ስህተቴ አይታይም። የወደቀችው «ኤ» እዚያው መገጣጠሚያው ላይ ናት። «ዱ ኖት» (do not) ወደ «ዶንት» (don’t) ሲያጥር ግን ነገሩ ይበላሻል። የኔን ምክር የሰማ ልጅ አፖስትሮፉን ከ«ኤን» በፊት ያደርገዋል። ትክክለኛ ቦታው በ«ኤን» እና በ«ቲ» መካከል ነው፤ የወደቀችው የ«ኖት» «ኦ» ናትና።

ቤት ውስጥ እንዲህ ሞክሩት። ሁለቱን ቃላት ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፉ። ልጁ ራሱ የ«ኖት»ን «ኦ» በመቀስ ቆርጦ ያውጣ፣ በቦታዋም አፖስትሮፍ ያድርግ። ልጆቻችን ግራ ቢገባቸው አይፈረድባቸውም፤ እኛ «ምን አለ»ን «ምናለ» ስንል ምልክት አንጨምርም።

«ዎንት» (won’t) ግን በመቀስ አይሆንም። የመጣው ከ«ዊል ኖት» (will not) ነው፤ ቃሉ ራሱ ስለሚለወጥ እንዳለ ይጠና። አፖስትሮፉ እዚያም ከ«ቲ» በፊት ነው።

በቀድሞው ምክሬ ያስጠናችሁ ካላችሁ ከልብ ይቅርታ። እባካችሁ ደብተሩን ዛሬውኑ ከልጁ ጋር እዩት።