ዳታ አጥፍቶ የሚጫወት ልጅ

ባለፈው ክረምት ጅማ፣ ቆጪ አካባቢ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ዝናብ ተጠልዬ ቆሜ ነበር። አጠገቤ ሦስት ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። ከስልኩ “ወራጅ አለ!” የሚል ድምፅ ይወጣል። ድምፁን አወቅኩት። የራሴ ነው።

ጌሙን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ባጃጅ ከጅማው መርካቶ ተነስቶ ኪቶ እስኪደርስ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ እየሸሸ ሰው ይጭናል፣ ያወርዳል። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይናገራል። ሁለት ዓመት ማታ ማታ የሠራሁት ነው። ልጆቹ እንደዚያ ሲሻሙበት ሳይ ዝናቡንም ረሳሁት።

“ከየት አገኛችሁት?” አልኳቸው።

“ወንድሜ በዜንደር ላከልኝ።” ዜንደር ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል የሚላላኩበት አፕ ነው።

“ማስታወቂያው አይረብሻችሁም?”

ትልቁ ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። “ዳታ አጥፍተን ነዋ የምንጫወተው፣ ጋሼ!”

እኔ ደግሞ የምበላው ከማስታወቂያው ነው። ማለቴ፣ እበላለሁ ብዬ ያሰብኩት። ዳታ ከጠፋ ማስታወቂያ አይመጣም። ማስታወቂያ ካልመጣ ለእኔ የሚደርሰኝ ነገር የለም።

ጌም ሠርቶ ዶላር መሸቀል የሚባለው ወሬ እኛም ከተማ ከገባ ቆየ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ሠርተፊኬቱን ስልኩ ላይ የሚያሳየኝ ወጣት በዝቷል። ከትምህርቶቹ አንዱ የአንድሮይድ አፕ መሥራት ስለሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ “ጌም ብሠራስ?” ሥልጠናውን አልጠላም። ነፃ ነው፤ እኔ ስጀምር እንዲህ ያለ ነገር ባገኝ ኖሮ ስንት ሌሊት ይተርፈኝ ነበር። ግን ለእነዚህ ልጆች ሳይነገራቸው የሚቀር ነገር አለ። የሞባይል ጌም ገቢን ከምንም በላይ የሚወስነው ተጫዋቹ የተቀመጠበት አገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የማስታወቂያ ክፍያ የሚታሰበው በ1 ሺህ ዕይታ ነው። አንዱ ጌም ውስጥ የሚታይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ አሜሪካ ያለ ሰው ሲያየው ሒሳቡ በዶላር ይመጣል፤ ጅማ ያለ ልጅ ሲያየው በሳንቲም። ማስታወቂያ ያስነገረው ድርጅት የሚፈልገው ካርድ አውጥቶ የሚገዛ ሰው ነዋ። ይሄን ለጅማ ሰው ማስረዳት አይከብድም። እሸት ቡናውን ለሰብሳቢ ያስረከበ ገበሬ የሚያገኘውንና ውጭ አገር ያለ ካፌ ከአንድ ስኒ የሚያገኘውን እናውቃለን። ፍሬው ያው ነው። ዋጋውን ያወጣው የሚጠጣበት ቦታ ነው።

ልጆቹ ሁሌ የሚጠሩልኝ ፍላፒ በርድን ነው። እውነት ነው፤ አንድ የቬትናም ወጣት፣ ዶንግ ንጉየን፣ ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጌም በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከማስታወቂያ በቀን እስከ 50 ሺህ ዶላር ያስገባ ነበር ተብሏል። ጌሙ በጣም ሰላም ስለነሳው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ራሱ አነሳው። ሰው ከዚህ ታሪክ የሚይዘው “ብቻውን ሠርቶ” የሚለውን ነው። ሠሪው ሃኖይ ቢኖርም ጌሙ በወቅቱ የአሜሪካ አፕ ስቶርን አንደኛ ሆኖ ይመራ እንደነበር ግን ማንም አያስታውሰኝም። የእኔ ባጃጅ አንደኛ የሆነው ቆጪ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እኔ የምጠቀምበት አድሞብ፣ የጎግል የማስታወቂያ አገልግሎት፣ ገንዘብ የሚልከው 100 ዶላር ሲሞላ ነው። ለ1 ሺህ ዕይታ 50 ሳንቲም የአሜሪካ አገኘሁ እንበል፤ ይሄ ለእኛ አገር ተጫዋች እንዲያውም ደግ ግምት ነው። 100 ዶላር ለመሙላት 200 ሺህ ዕይታ ያስፈልጋል ማለት ነው። አንድ ልጅ በቀን 3 ማስታወቂያ ቢያይ በወር 90 ያያል። ስለዚህ 2 ሺህ 200 ገደማ ልጆች ወሩን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ዳታ ከፍተው መጫወት አለባቸው። ለ100 ዶላር!

እኔ እስካሁን 41 ዶላር ላይ ነኝ። ስለዚህ አንድም ቀን አልተከፈለኝም። ከዚያም ውስጥ ከግማሽ በላይ የመጣው ከአሜሪካና ከኤምሬትስ ነው። የአገራቸውን ባጃጅ የናፈቁ የእኛው ልጆች ይሆናሉ ብዬ እጠረጥራለሁ። በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ግን የቆጪን ልጆች ሁሉ በለጡ።

ወጪውስ? ጎግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ 25 ዶላር አንዴ ይከፈላል። አፕል በየዓመቱ 99 ዶላር ስለሚጠይቅ እሱን ከነጭራሹ ትቼዋለሁ። 25 ዶላር፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ በባንክ ተመን 1 ሺህ 400 ብር አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ከ3 ሺህ ብር በላይ ነው። ብሩ ቢኖርም የሚከፈልበት ካርድ አልነበረኝም። ለእኔ ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ ከፈለችልኝ። የጌም መሥሪያው ሶፍትዌር ግን ነፃ ነው። ጎዶት የሚባለውን እጠቀማለሁ፤ ክፍት ምንጭ ነው፣ ማውረዱም እንደ ሌላው መሥሪያ እንደ ዩኒቲ በጊጋባይት የሚቆጠር ፓኬጅ አይበላም። (ወደ ስልክ ለማውጣት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ፋይል ግን ይከብዳል፤ እሱን ሌሊት ነው ያወረድኩት።)

ከሁሉ የሳቅኩበት ሙከራው ነው። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ጌሙን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት በሰው ማስሞከር አለበት። መጀመሪያ 20 ሰው ነበር የሚጠየቀው፣ ኋላ ወደ 12 ወረደ። 14 ቀን ደግሞ በተከታታይ መቆየት አለባቸው። ጅማ ውስጥ 12 ሰው ማግኘት ምን ይከብዳል? ጀለሶቼን፣ ፀጉር አስተካካዬን፣ የእናቴን የዕቁብ ጓደኞች ሳይቀር መዘገብኩ። በ9ኛው ቀን አንዱ ጀለሴ ምን እንደሆነ ሳያውቅ “ከሙከራው ውጣ” የሚለውን ነካው። 11 ቀሩ። ቆጠራው እንደገና ከአንድ ተጀመረ። እስከ ዛሬ ቡና ይጋብዘኛል።

ሌላም አለ። ከማስታወቂያ የተጠራቀመው 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻ ማረጋገጫ ቁጥር በወረቀት ደብዳቤ ይላካል። የእኛ ቤት አድራሻ “ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ አረንጓዴው በር” ነው። አጎቴ የመሥሪያ ቤቱን የፖስታ ሳጥን ቁጥር አዋሰኝና ደብዳቤው በእሱ መጣ። ይህን የምነግራችሁ ሳጥን ያለው ዘመድ ቀድማችሁ እንድትፈልጉ ነው።

ሊረዳችሁ የሚፈልግን ወዳጅ ደግሞ ተጠንቀቁ። ጌሙ በወጣ ሰሞን ጓደኞቼ ለእኔ አዝነው ማስታወቂያውን ደጋግመው ነኩት። አንዱ ምሳ ሰዓት ላይ ቁጭ ብሎ 40 ጊዜ ነክቻለሁ ብሎ ፎከረልኝ። ይሄ በደንቡ ክልክል ነው፤ ለሦስት ሳምንት ማስታወቂያዬ ታገደ። ጥፋቱ የእኛው ነው። ቀድሜ “አትንኩ” ማለት ነበረብኝ።

ታዲያ በምን እኖራለሁ? ቀን ሂርማታ አካባቢ ኮምፒውተርና ስልክ እጠግናለሁ። ጥሩው ወቅት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ቡና ሲሸጥ ስልክ ይገዛል፣ ስልክ ሲገዛ አሮጌው ለታናሽ ይሰጣል፣ አሮጌው ደግሞ ወደ እኔ ይመጣል። አልፎ አልፎ ለትምህርት ቤት የጥያቄና መልስ አፕ እሠራለሁ። ማታ መብራት ካልሄደ ባጃጄ ላይ እቀመጣለሁ። እናቴ ሁለተኛ ሥራዬን በደንብ የገባት አይመስለኝም። “ቀንም ጨዋታ፣ ማታም ጨዋታ። ሥራው መቼ ነው ልጄ?” ትለኛለች። ቀን ስልክ መጠገኑንም ከጨዋታ ቆጥራዋለች።

አገር ውስጥ ጥሩ ጌም አይሠራም እንዳይባል፣ አዲስ አበባ ያሉት ቅኔ ጌምስ ኩኩሉና ገበጣ በሚባሉ ጌሞቻቸው የእኛን ዶሮና የእኛን ገበጣ ስልክ ላይ አምጥተው አሳይተውናል። ችሎታው አለ። ተጫዋቹም አለ፤ ሦስት ሆነው አንድ ስልክ ላይ ሲደፉ አይቻለሁ። የጠፋው ከልጁ ኪስ እስከ እኔ ኪስ ያለው መንገድ ነው።

ጎግል ፕሌይ ላይ ባለ ጌም ውስጥ አዲስ ባጃጅ ልሽጥ ካልኩ ክፍያው በአብዛኛው በራሱ በፕሌይ በኩል ማለፍ አለበት። ለዚያ ደግሞ በአብዛኛው ካርድ ያስፈልጋል። ልጁ ካርድ የለውም፣ አባቱም የለውም። ቴሌብር ግን አለ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሰው ዳቦና አየር ሰዓት እየገዛበት ነው። ስለዚህ ለጅማ ልጅ የሚሠራ ጌም ለጅማ ልጅ በሚመች መንገድ ይሸጥ ነው የምለው። ክፍያ የሚያስተላልፉ ድርጅቶች ማታ ማታ ብቻውን ለሚሠራ ሰው የ5 ብርና የ10 ብር ክፍያ ጌም ውስጥ በቀላሉ የሚገባበትን በር ይክፈቱ። አሁን እንደ ነጋዴ ተመዝገብ ሲባል ወር የማይሞላ ገቢ ይዞ ንግድ ፈቃድ ማን ያወጣል? ሥልጠና የሚሰጡትም ከኮዱ ቀጥሎ አንድ ቀን ስለ ገንዘቡ ያስተምሩ። ልጁ ሥራውን ለቆ ላፕቶፕ በብድር ከመግዛቱ በፊት ከላይ የሠራሁትን ሒሳብ ይሥራ።

እኔ በሩ እስኪከፈት አልጠበቅኩም። ከስቶር ውጭ የሚሰራጭ ሌላ ቅጂ ሠርቼ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። ማስታወቂያ የለውም፣ በዜንደር መላላክ ይቻላል፣ ዳታም አይፈልግም። አንድ ቀይ ባጃጅ ግን ተቆልፎበታል። በቴሌብር 10 ብር የላከ ሰው ኮድ ይደርሰዋል። ኮዱን የምልከው እኔ ነኝ፣ በእጄ፣ አንድ በአንድ። አድካሚ ነው፤ ብዙ ሰው ቢገዛ እንዴት እንደምችለው አላውቅም። ግን በመጀመሪያው ወር 63 ሰው ከፈለ። 630 ብር። ትንሽ ነው፤ በዚህ ብር ቤት አይከራይም። ከጌም በእጄ የገባ የመጀመሪያ ገንዘብ ግን እሱ ነው።

ትናንት ማታ ስምንት ኮድ ላክሁ። ዘጠነኛው መልእክት ብር አልነበረውም። “ጋሼ ቀዩን ክፈትልኝ፣ አባቴ ቡናውን ሲሸጥ እልካለሁ” ይላል። ኮዱን ላክሁለት። ስሙንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ዱቤ ብዬ።