ከታማሚው ፎቶ በፊት የአሰባሳቢው ላብ ይታይ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንዱ አደባባይ መብራት ይዞን ስንቆም፣ ድምፅ ማጉያ የተጫነባት ፒክአፕ ዳር ይዛ እናያለን። በጎኗ በተወጠረው ባነር ላይ አፍንጫው ውስጥ ቱቦ የገባለት ሕፃን ፎቶ፣ ከሥሩም የሐኪም ማስረጃ ቅጂና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አለ። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ የለበሱ ወጣቶች ካርቶን ይዘው በመኪኖች መካከል ይሽሎከሎካሉ። እኔም እንደ ብዙው ሰው መስኮት ዝቅ አድርጌ የአቅሜን ሰጥቻለሁ፤ በመስጠቴም አልጸጸትም። የሚያሳስበኝ ግን ያ ልጅ እግዜር ምሮት ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ያ ፎቶ በሰፈሩ ሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀው መሆኑ ነው።

ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ሌላ መንገድ አለ። አንድ ሰው ለራሱ ያልተለመደ ፈተና ያወጣና «ይህን እስክፈጽም ተከታተሉኝ፤ እኔን ማበርታት ከፈለጋችሁ ለእነርሱ ስጡ» ይላል። በዚህ መንገድ አደባባይ የሚወጣው የአሰባሳቢው አካል እንጂ የታማሚው ገመና አይደለም። በአገራችን ሊስፋፋ ይገባዋል የምለውም ከሁሉ በፊት በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ዓለም በኮሮና ምክንያት ደጁን ዘግቶ ሳለ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱት እንግሊዛዊ ካፒቴን ቶም ሙር መቶኛ ዓመታቸውን ሊደፍኑ ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋቸው ነበር። ዳሌያቸው ተሰብሮ ስለነበር ያለ መደገፊያ አይራመዱም። ከልደታቸው በፊት 25 ሜትር የሚሆነውን የግቢያቸውን መንገድ መቶ ጊዜ ለመመላለስ ቃል ገቡ፤ ያሰቡትም ለአገራቸው የጤና አገልግሎት በጎ አድራጎት ማኅበራት 1,000 ፓውንድ ለመሰብሰብ ነበር። ኮታቸውን ለብሰው፣ ኒሻናቸውን ደረታቸው ላይ ደርድረው፣ ባለ ጎማ መደገፊያቸውን እየገፉ በቀን አሥር ዙር ያህል ሄዱ። ዘመቻው በልደታቸው ቀን ሲዘጋ ከ32 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰብስቦ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሕዝቡ በየዕለቱ ያየው አንድ ሽማግሌ በጎማ መደገፊያ ሲራመዱ ነው፤ አልጋ ላይ የተኛ አንድም ታማሚ ፎቶ አላስፈለገም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ ከማንም ይበልጥ ልናስብበት የሚገባ ሕዝብ ነን። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከኮረም የወጡት ምስሎች የብዙ አገር ሰው ልብ ሰብረው እህልና መድኃኒት አስመጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን በየሄድንበት በእነዚያ ምስሎች ስንታወቅ ኖረናል። ያው ረሃብ ምክንያት ሆኖት እ.ኤ.አ. በ1985 በብሪታንያ የተመሠረተው ኮሚክ ሪሊፍ ግን ሰውን በሳቅ ማስተባበር መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1988 ባካሄደው የመጀመሪያው የቀይ አፍንጫ ቀን፣ ትልቁም ትንሹም ቀይ የፕላስቲክ አፍንጫ አጥልቆ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰብስቧል። ይኸው ድርጅት እንኳ በዝግጅቶቹ መካከል ያቀርባቸው በነበሩት የአፍሪካን ችግር የሚያሳዩ ፊልሞች ሲተች ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ታዋቂ ሰዎችን ወደ አፍሪካ እየላከ መቅረጹን እንደሚያቆም አስታውቋል።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ ነው የሚል ካለ ቁልቢን ያስታውስ። ስለቱ የደረሰለት ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ አይተን «ምን ነካው?» አንልም፤ በሰውነቱ ቃሉን እየከፈለ እንደሆነ እናውቃለን። ለሰው ሲባል የሚደረግ ፈተናም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አንድ ነገር ግን በብርቱ ያሳስበኛል፤ ዙሩን ቆጥሮ የሚያሳይ ሰው ብሩንም ቆጥሮ ማሳየት አለበት። የካፒቴን ቶም ስጦታ በሙሉ ለታለመለት ዓላማ ደርሷል። በኋላ በስማቸው የተቋቋመው ሌላ ድርጅት ግን በብሪታንያ የበጎ አድራጎት ተቆጣጣሪ ተመርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ቤተሰባቸው በድርጅቱ በኩል የግል ጥቅም ማግኘቱ ተረጋግጧል። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ የያዘው መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። ቀኝ እግሩን በካንሰር ያጣው ይህ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1980 ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ሠራሽ እግር ለ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ የማንንም ድርጅት ምርት ለማስተዋወቅ እሺ አላለም። ካንሰሩ ሳንባው ውስጥ ተገኝቶ አቋረጠ፣ በቀጣዩ ዓመትም በ22 ዓመቱ ዐረፈ፤ በስሙ የሚደረገው ሩጫ ግን እስከ ዛሬ ለምርምር ገንዘብ ያሰባስባል።

በእኛም ከተማ ጅምሩ አለ። ባለፈው ዓመት አምስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሊስትሮ ሣጥን ዘርግተው ለኩላሊት ታማሚዎች ጫማ ሲጠርጉ አግኝቼ ተቀምጬ ነበር። አንዷ እጇ እስከ አንጓዋ በጥቁር ቀለም ተነክሯል፤ አጠገቧ የቆመ ካርቶን ላይ እስከዚያ ሰዓት የተጠረገው ጫማ ብዛትና የተገኘው ብር በማርከር ተጽፎ ነበር። የእኔን ጨርሳ ብሩን ስትቀበለኝ ቁጥሩን ሰርዛ አዲሱን ጻፈች። የማንም ታማሚ ፎቶ አልነበረም፤ ከኋላዬ ግን ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሶ ነበር።