ደቂቃውን የሚያድለው ማን ነው?

በስታንድአፕ ኮሜዲ ሁሉም ነገር በደቂቃ ይለካል። በአሜሪካ ክለቦች ጀማሪ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ታገኛለች፤ የምሽቱ ዋና ኮሜዲያን 45 ደቂቃና ከዚያ በላይ። መሃል ላይ ያለውን መሰላል የምትወጣው ተራ የሚያወጣው ሰው አይቶ ካሳለፋት ነው። ስለ ፌሚኒዝምና ቀልድ ስንከራከር ግን ይህን ሰው እንረሳዋለን።

የተለመደው ስህተት በአንድ ምሽት አንዲት ሴት ብቻ ማሰለፍ ነው። ቀልዷ ካልያዘላት ታዳሚው «ሴቶች አያስቁም» ብሎ ይሄዳል፤ ወንዱ ቢከሽፍበት ግን የከሸፈው እሱ ብቻ ነው። በሎስ አንጀለሱ ኮሜዲ ስቶር ክለብ ባለቤቷ ሚትዚ ሾር እ.ኤ.አ. በ1978 ፎቅ ላይ ለሴቶች ብቻ ቤሊ ሩም የተባለች ጠባብ ክፍል ከፈተች። መድረክ ተገኘ፤ ትልቁ መድረክ ግን ታች ነበር። ክለቦች ስንት ሴት እንዳሰለፉ ሲነግሩን የሦስት ወር መርሐ ግብራቸውን አውጥተን ስም ሳይሆን ደቂቃ እንደምር። አምስት ደቂቃ ከፋችና 45 ደቂቃ ዘጊ በስም ቆጠራ እኩል ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የአውስትራሊያዊ ኮሜዲያን ሃና ጋድስቢ የስታንድአፕ ዝግጅት «ናኔት» በኔትፍሊክስ ወጣ። ቀልድ ታዳሚውን አስጨንቆ በሳቅ መገላገል ነው ይላል፤ ታሪክ ግን መጨረሻም ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አንድ ጎረምሳ ጋድስቢን ወንድ መስሎት ለጠብ ይጋበዛል፤ ስህተቱ ሲገባው ያፈገፍጋል፤ አዳራሹ ይስቃል። ወደ ማብቂያው ታሪኩ ይመለሳል፦ ጎረምሳው ዞሮ መጥቶ ጋድስቢን ደብድቧል። ለሳቁ ሲባል የተቆረጠው ይህ ነበር። «ይሄ ንግግር እንጂ ስታንድአፕ አይደለም» ያሉ ብዙ ነበሩ፤ በ2019 ግን ለድርሰቱ የአሜሪካን የቴሌቪዥን ሽልማት ኤሚን ተሸለመ። (ሽልማት ርካሽ ነው፤ የማንንም ተራ አይነካም።)

«ናኔት» በወጣበት በ2018 ክረምት ታዋቂው አሜሪካዊ ኮሜዲያን ሉዊ ሲ.ኬ. ኒውዮርክ ኮሜዲ ሴላር ውስጥ ሳይታሰብ ብቅ አለ። አምስት ሴቶች፣ አብዛኞቹ ኮሜዲያን፣ ስለ ፆታዊ ነውሩ የተናገሩት እውነት መሆኑን ካመነ ገና ዘጠኝ ወሩ ነበር። 15 ደቂቃ ያህል ሠራ። ቁጣው ሲበረታ ክለቡ ቲኬቱ ላይ ማሳሰቢያ አተመ፦ ማን ድንገት እንደሚመጣ አናውቅም፤ ካልተመቻችሁ ውጡ፣ ሂሳባችሁን እኛ እንችላለን። ከመጋረጃ ጀርባ ተራዋን የምትጠብቀው ኮሜዲያን ምን ታድርግ የሚለው ግን ቲኬቱ ላይ የለም።