ሳሩ በነፃ፣ ገደሉ በውል

ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልክ ሲጮህ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔም እሱኑ አስቤ፣ በአንድ እጄ ጋቢዬን እየፈለግኩ አነሳሁት። የእህቴ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ያ የሰጠኸኝ ሦስት ሺህ ብር ስጦታ ነው ወይስ ኢንቨስትመንት?»

ማንም አልሞተም። ብሩን የሰጠሁት ላፕቶፑ ላይ ራም እንዲጨምርበት ነበር። ከዚያም ረስቼዋለሁ። ማለቴ፣ ለመርሳት እየሞከርኩ ነበር።

ልጁ ጌም እየሠራ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መብራት ሲኖር። ጌሙ የሚኒባስ ታክሲ ነው። ተጫዋቹ ረዳት ሆኖ ሰው ይጭናል፣ ትራፊክ ሲያይ ትርፉን ተሳፋሪ ያስጎነብሳል። እኔ ራሴ ጓጉቻለሁ። የሚሠራበትን ሶፍትዌር ያወረደው «ነፃ» ስለሚል ነው። ነፃነቱ ግን ውል አለው። ባለፉት 12 ወራት ያገኘኸውም ከሌላ የተቀበልከውም ገንዘብ ተደምሮ ከዚህ መጠን ካላለፈ ነፃ ነህ ይላል። መጠኑ በመቶ ሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። የልጁ ገቢ ዜሮ። የተቀበለው ገንዘብ ቢኖር የእኔው ሦስት ሺህ ብር ነው። እሱ ግን «የተቀበልከው» የሚለው ቃል አጎትን ይጨምር አይጨምር እያሰበ እንቅልፍ አጥቷል።

እሁድ ጠዋት ሄድኩለት። በቤተሰባችን ውስጥ ውል አንባቢው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ የኪራይ ውል እስከ መጨረሻው ስላነበብኩ የተሰጠኝ ማዕረግ ነው።

ከታክሲ ስወርድ አንድ በሬ አየሁ። በዚያ ሰፈር ከብትና ኮንዶሚኒየም ገና አልተለያዩም። በሬው ለመሠረት ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ይግጣል። ሳሩ የለመለመው ደግሞ እዚያው ጠርዙ ላይ ነው። «በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የምትለዋን ተረት እወዳታለሁ። በልጅ ላይም በአማች ላይም ተርቼባታለሁ። እና ቆሜ ጠበቅኩ። በሬው የፊት እግሩን አስቀደመ። አፈሩ ሲንሸራተትበት መለሰው። ከዚያ አንገቱን ብቻ አስረዝሞ ጨርሶ ጋጠውና ሄደ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ዘመን የበሬ ስም ስናጠፋ ኖረናል ማለት ነው። ገደል ዓይን ላለው ይታያል። የልጁ ገደል ያለው ግን ገጽ 14 ላይ፣ «ትርጓሜ» በሚል ርዕስ ሥር ነው።

ስለ «ትርጓሜ» ካነሳሁ አይቀር፣ የእድራችንን ጉድ ልንገራችሁ። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ። ያረፈች ዕለት የእድሩ ጸሐፊ ደንቡን በፌስታል ይዞ መጣ። ደንቡ «የአባሉ ቤተሰብ ሲሞት» ይላል። ገለጥ ሲያደርገው ግን «ቤተሰብ ማለት» የሚል አንቀጽ አለ። እናት፣ አባት፣ ባል፣ ሚስት፣ ልጅ፣ እህት፣ ወንድም። አክስት የለችም። «አሳድጋኛለች እኮ» ስለው «ማስረጃ አለህ?» አለኝ። የምን ማስረጃ? የዱላዋ ምልክት እስካሁን ግንባሬ ላይ አለ! ድንኳኑን ሰጡን፣ ገንዘቡን ከለከሉን። ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም። እሺ፣ ገንዘቡም አናዶኛል። ያ ሰውዬ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ መዋጮዬን ሲቀበል፣ አንድ ቀን እንኳ «ማለት የሚል አንቀጽ አለብን» ብሎኝ አያውቅም። ሲቀበሉ ቤተሰብ ነን፣ ሲከፍሉ ትርጓሜ አለ።

«ጋሼ፣ ወደ ገጽ 14 እንመለስ?» አለ ልጁ።

ተመለስን። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሚኒባሱ ቆሟል። ሰማያዊና ነጭ፣ ያማረ ነው። ጎማው ሦስት ነው። አራተኛው ከፈቃዱ ንባብ በኋላ ይገጠማል ተባልኩ።

ገጽ 14 ላይ ድርጅቱ ውሉን «ሊያሻሽል ይችላል» ይላል። ይቺ «ይችላል» የምትባል ቃል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለችም። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ላይ፣ የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለመጻጻፍ በጣሊያን መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» አለ። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ሰባት ዓመት ሳይሞላ አድዋ ተደረሰ…

«ጋሼ፣ ውጫሌን ሳታነሳ ያነበብከው ውል አለ?»

የለም። ግን ተሳስቻለሁ? ዩኒቲ የሚባለው የጌም መሥሪያ ያደረገውን እዩ። እኛ የ2016ን እንቁጣጣሽ ዶሮ ስንበልት፣ ልክ በዚያው ዕለት መግለጫ አወጣ። ጌሙ የተወሰነ ገቢ ካስገኘና የተወሰነ ጊዜ ከተጫነ በኋላ፣ አንድ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ቁጥር ከሠሪው እስከ 20 የአሜሪካ ሳንቲም ይወሰዳል አለ። ቀድመው ለወጡ ጌሞች ጭምር! ሰው ጌሙን ሠርቶ ከሸጠ በኋላ ማለት ነው። የዓለም ጌም ሠሪ ተንጫጫ። ድርጅቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ አለዘበው፣ በዓመቱ መስከረም 2 ቀን ጭራሽ ሰረዘው። እስከዚያ ግን ስንቱ እንደ እህቴ ልጅ በሌሊት አጎቱን ቀስቅሷል!

ግልጽ የሆነ አንቀጽ ያየሁት አንድ ነው። አማዞን በ2016 እ.ኤ.አ. ላምበርያርድ የሚባል የጌም መሥሪያ ሲያወጣ፣ የሰው ሕይወት በሚመሠረትበት ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በኒውክሌር ጣቢያ፣ እንዳይውል ከለከለ። ክልከላው የሚነሳው በንክሻ የሚተላለፍ ቫይረስ ሬሳ አስነስቶ ሰው ማስበላት ሲጀምር ነው ብሎም ጻፈ። ቀልዳቸውን ነው። ግን ቀልዱም ቢሆን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ያረጋግጥ ይላል። አያችሁ? ዞምቢው በር እያንኳኳ አንተ ማህተም ትጠብቃለህ።

ደግሞ ይሄ «ነፃ» የሚሉት ቃል። የእንግሊዝኛው «ፍሪ» ነፃነትንም ነፃ ሻይንም በአንድ አፍ ስለሚጠራ፣ የነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴን የጀመረው አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ልዩነቱን ሲያስረዳ ስንት ዓመቱ። እኛ እኮ «በ» አለችን። ነፃ ሌላ፣ በነፃ ሌላ። አንዲት ፊደል ትበቃ ነበር፣ ግን ማን ይጠይቀናል?

«ሌላ መሥሪያ የለም?» አልኩት በመጨረሻ። ቡናው ሁለተኛ ደርሷል፣ እኔም ታክሲ እንዳይጠፋ ቸኩያለሁ።

«አለ፣ ጎዶት የሚባል።»

ፈቃዱን በስልኩ አሳየኝ። ኤምአይቲ የሚባለው ነው። አንድ ሁለቴ ወደ ላይ ገፋ ሳደርገው አለቀ። ተጠቀምበት፣ ቀይረው፣ ሽጠው ይላል። ይህቺን ጽሑፍ ብቻ አብረህ አስቀምጥ፣ ቢበላሽብህም እኛን አትክሰስ። በቃ።

«ታዲያ ለምን በዚህ አትሠራም?»

ዙሪያውን አየት አደረገ። «አጭር ነው፣ ጋሼ። የደበቁት ነገር አለ።»

ምን እላለሁ? ሦስት ሺህ ብሩ ስጦታ መሆኑን በወረቀት ጻፍልኝ አለ። ጻፍኩለት። ቀን አድርጌ ፈረምኩበት። ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

«ማህተም የለህም?»