በርታ!

ባለፈው ሐሙስ ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብለን ማኪያቶ ስንጠጣ አንድ የቆየ ወዳጄ አዲሱን ልቦለዴን ከእጄ ተቀበለኝ። በመዳፉ መዘን መዘን አደረገው፤ ሽፋኑን አየ፤ ገልብጦ የጀርባውን አስተያየት እስከ ግማሽ አነበበ፤ ከዚያም እንደ ትኩስ ዳቦ አሸተተው። ዋጋውን ጠየቀኝና ነገርኩት። ይህን ጊዜ መጽሐፉን ማኪያቶ እንዳይነካው አርቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «በርታ!» አለኝ።

ከቃሏ ጋር ጠብ የለኝም። ዳገት ላይ ሸክም የበዛበትን ሰው፣ ፈተና የሚገባን ተማሪ «በርታ» ማለት ወግ ነው። አራት ዓመት ጽፎ፣ ተበድሮ አሳትሞ፣ መጽሐፉን ይዞ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ግን «በርታ» ማለት፣ ገንፎ እየበላች ላለች አራስ «አይዞሽ፣ ምጡን ቻይው» እንደማለት ነው። መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ ቆጥሬአለሁ፦ 112 «በርታ» ተቀብዬ 31 መጽሐፍ ሸጫለሁ። አያቴ «ምክር ቢበዛ በአህያ አይጫንም» ትል ነበር፤ ከተረቶች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። አያቴ ያልደረሰችበት፣ አህያው ራሱ ደራሲ ሲሆን የሚሆነውን ብቻ ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ የሆነው በጎንደር መሆኑ ነው። በቅኔ ቤት «በርታ» የሚባል ማምለጫ የለም። ተማሪው ጉባኤ ቃና የምትባለውን ባለሁለት ቤት አጭር ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ሰሙ ከወርቁ ካልተስማማ እዚያው ይነገረዋል፤ ይታረማል፤ ቁጭ ብሎ ቅኔውን እንደገና ይቆጥራል፣ ማለትም ያዘጋጃል። ቅኔው ሲያምር ደግሞ ሊቃውንቱ «ይበል!» ይላሉ። «ይበል» ለማለት መስማት ግድ ነው፤ «በርታ» ለማለት ግን ጆሮም ዓይንም አያስፈልግም፣ እጅ ብቻ ይበቃል፤ እሱም ትከሻ ለመምታት።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ በፊት፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ ስጨርስ፣ ደራሲ ብቻውን አይቆምም ብዬ በየቅዳሜው ከሰዓት ወደሚሰበሰብ አንድ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ገባሁ። ቂሜን አልደብቅም። ሰብሳቢው ረቂቄን ተቀብለው ሰባት ወር አቆዩት፤ ሲመልሱልኝ በገጽ 3 ላይ የቡና ስኒ ክብ ነበረበት፤ ከገጽ 3 በኋላ ያለው ግን ከማተሚያ ቤት የመጣ ይመስል ንጹሕ ነበር። አስተያየታቸውን ብጠይቃቸው ምን እንዳሉኝ መናገር አያስፈልገኝም።

አባላቱ ግን አንብበዋል፤ ይህን ልክደው አልችልም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «ጸሃይ» ብዬ ስለጻፍኩ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ተከራከሩብኝ። አንዱ ወገን በግእዙ ሥርዓት «ፀሐይ» ካልተባለ ልቦለዱ ከጅምሩ የተበላሸ ነው አለ። ሌላው ወገን ድምፃቸው አንድ የሆነን ፊደላት ማብዛት ሕፃናትን ማሰቃየት ነው ብሎ ተነሣ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መምህር ኤስድሮስ የቅዱሳት መጻሕፍቱን ትርጓሜ እንደገና ሲያቀኑ የጎንደር ትምህርት ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት ወገን ተለየ፤ እነዚያ የተለያዩት ግን ዕድሜ ልካቸውን በመረመሩት የመጽሐፍ ምሥጢር ነበር። የእኛ ላይ ቤትና ታች ቤት በ«ጸ»ና በ«ፀ» ተለያይቶ ለየብቻው ቡና መጠጣት ጀመረ። እኔም በአራተኛው ቅዳሜ ፀሐይን በግእዙ ሥርዓት አርሜ ጉዞዬን ወደ ማተሚያ ቤት አደረግሁ።

ስለ ማተሚያ ቤቱ ብዙ አልልም፤ ያመኛል። ወረቀት ከውጭ ስለሚገባ ዋጋው ምንዛሪውን ይከተላል፤ ስለዚህ የሰጡኝ ፕሮፎርማ ለሰባት ቀን ብቻ የሚጸና ነበር። በስምንተኛው ቀን ብድሬን ይዤ ብደርስ ዋጋው ከእኔ ቀድሞ ሄዷል። ራሴን ያጽናናሁት በታሪክ ነው። ልቦለድ የምንለውን ስም ያወረሰን የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ነው፤ ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ግን ከጣና ዳር፣ ከዘጌ፣ የወጡ ሰው ነበሩ። እሳቸው ባሕር ተሻግረው ካሳተሙ፣ እኔ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ አዲስ አበባ ባሳትም ምን ይገርማል?

የጥንቱ ጸሐፊ እንኳ ከእኔ ይሻል ነበር። ብራና የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ ቁም ጽሕፈት የሚጽፍ ሰው ከጀርባው አጻፊ ነበረው፤ ወጪው የአጻፊው ነው። በፋሲል ግቢ የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል፤ ንጉሥ ለመጽሐፍ ቤት የሠራበት ከተማ ነው ይህ! እኔ ግን ጸሐፊውም አጻፊውም ራሴ ነኝ፤ አከፋፋዩ ከመቶ 35 ሲቆርጥ ደግሞ ምጽዋት ሰጪውም ሆኛለሁ። ከብራናው ዘመን አንድ ነገር ብቻ ብወርስ ደስ ይለኝ ነበር፤ በመጽሐፉ መጨረሻ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ» ተብሎ ሌባውና ፋቂው የሚወገዙባትን መስመር። እኔ ሌባውን እምረዋለሁ፤ ቢያንስ መጽሐፉን ፈልጎታል። ሳያነብ «በርታ» የሚለውን ግን አልምረውም።

ይህን እያብሰለሰልኩ ሳለ ነው ከዚያ ሐሙስ በማግስቱ መጽሐፍ አዟሪው ያስቆመኝ። መጽሐፍ ከክንዱ እስከ አገጩ የሚደረድር ልጅ ነው፤ የሚሸጠውን ሁሉ እንደሚያነብ አላውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ ገጽ 41 ላይ ሰውዬው አመሻሽ ላይ ከፒያሳ ወደ ቁስቋም እየሄደ ፀሐይ ጀርባውን ትመታዋለች ብለዋል።»

«አዎ።»

«ቁስቋም እኮ በምዕራብ በኩል ነው። በዚያ ሰዓት ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፀሐይ ዓይኑን ነው የምትወጋው።»

ዝም አልኩ። ያ ሁሉ ሊቅ በፀሐይ ፊደል ሦስት ቅዳሜ ሲፋለጥ፣ ፀሐይቱ ራሷ በተሳሳተ ሰማይ ላይ እንዳለች ታተመች፤ እኔም ተወልጄ ባደግሁባት ከተማ ምዕራብና ምሥራቅ ጠፍቶብኝ ነበር። ልጁ ሌላ አምስት ቅጂ ጠየቀኝ፤ የተሸጠውን ሒሳብ ለቅዳሜ ቀጠረኝ፤ «በርታ» ሳይለኝም መንገዱን ቀጠለ። «ይበል!» ብዬ ልጠራው ፈልጌ ነበር፤ የማን ቅኔ እንደሆነ ግን ግራ ገባኝና ተውኩት።

ወዳጄንማ ረስቼው ነበር። የጀመርኩት በእሱ ነውና ልጨርስ፦ ትናንት ማታ ደውሎ ሁለተኛው መጽሐፍ መቼ እንደሚወጣ ጠይቆኛል።