እርማት፦ የአዲስ አበባ ፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሁሉ «ጣሊያን የሠራቸው» አይደሉም

ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ብዙዎቻችሁ «ፒያሳ ያሉት አሮጌ ቤቶች ጣሊያን በወረራው ጊዜ የሠራቸው ናቸው» ብላችኋል። በቅንነት እንደተባለ ይገባኛል፤ ግን ትክክል አይደለም።

ወረራው የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ጣይቱ ሆቴል ግን የተሠራው በ1898 ዓ.ም. ገደማ፣ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ ነው። በምኒልክ ዘመን ሚኒስትር የነበሩት የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤትም ከወረራው በፊት የነበረ ነው። እነዚህን የመሰሉ ቤቶች የቆሙት በኢትዮጵያውያን ጉልበትና ሙያ፣ ከህንድና ከአርመን ግንበኞች ጋር ነው። የእንጨት በረንዳቸው፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ እንደ ዳንቴል የተቀረጸው ጣውላ (እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው)፣ በድንጋይና በጭቃ የተገነባው ግድግዳቸው ይመሰክራሉ።

ጣሊያን ምንም አልሠራም ማለቴ አይደለም፤ ካዛንቺስና ፖፖላሬ የተባሉት ሰፈሮች የተቆረቆሩት በዚያን ጊዜ ነው።

ማጣራት ለሚፈልግ፣ ከ1928 በፊት የተነሡ የከተማዋን ፎቶግራፎች አይቶ ቤቱን መፈለግ ነው። እዚያ ከታየ ነገሩ አለቀ። በረንዳ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ የከተማውን የቅርስ መዝገብም ጠይቁ።

ይህን ያህል የጻፍኩት ስህተቱ ጉዳት ስላለው ነው። አንድ ቤት «የጠላት ቅሪት» ከተባለ፣ ሊፈርስ ሲል የሚከራከርለት ያጣል፤ የገነቡት አናጺዎችና ግንበኞች ሥራም አብሮ ይጠፋል።