ከስልኩ በፊት እርሳሱ

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቶ የማይነሳ ሰው የለም፤ ከተማዋን የሚያነሳት ግን ጥቂት ነው። በኮሪደር ልማቱ መብራት ሥር ስልካችንን ወደ ራሳችን አዙረን ፈገግ እንላለን፣ ከተማዋ ከጀርባ ደብዝዛ ትቀራለች። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ስንቶቻችን አልበም አገላበጥን! የተገኘው በአብዛኛው ሠርግ፣ ልደትና ምርቃት ነው። ዕድሜ ልክ የተወጣበት የእንጨት ደረጃ ቢታይም ከሙሽራዋ ትከሻ በላይ፣ በቁራጭ ነው።

መድኃኒቱ የተሻለ ስልክ አይመስለኝም። እርሳስ ነው።

ጉሊት አጠገብ ቁጭ በሉና ሻጯ ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ስትደረድር ተመልከቱ። ሦስቱ ከሥር፣ አንዱ ከላይ፤ ቀዩ ጎን ወደ ገዢ ዞሮ፣ የተመታው ወደ ውስጥ። ስልክ ይህን በቅጽበት ያነሳዋል፣ አንሺው ግን ሳያየው ይሄዳል። የሚስል ሰው የላይኛው ቲማቲም ጥላ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ሳያጣራ መስመሩን መቀጠል አይችልም። ሥዕሉ ቢበላሽ ምን ቸገረው፤ ዓይኑ ሥራውን ሠርቷል። በመንገድ ላይ ፎቶ ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው ኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶን በስተርጅናው ካሜራውን ትቶ ወደ እርሳስ መመለሱ እኔን አይገርመኝም።

ሌላው ምክንያት የእኛው አገር ነው። ካሜራ ስታወጡ ዘበኛ ይመጣል፤ «ማነው የፈቀደልህ?» (ባንክ አጠገብ ከሆነማ አትሞክሩት።) ደብተር ስታወጡ ግን የሚሰበሰበው መንገደኛ ነው። ሊስትሮው ብሩሹን አስቀምጦ «አፍንጫው ረዘመ» ብሎ ያርማችኋል፤ ዘበኛውም «እስቲ እኔንም» ማለቱ አይቀርም። የተሳለ ሰው ሥዕሉን እዚያው ያያል፣ ይስቃል። ፎቶ የተነሳው ግን ምስሉ የት እንደሚደርስ አያውቅም። የጉሊቷ ሴት ካሜራ ስታይ በነጠላዋ ፊቷን ብትሸፍን እውነቷን ነው፤ ብዙ ጊዜ የምትነሳው ድህነቷ እንዲታይ እንጂ ድርደራዋ እንዲታይ አይደለም።

የግድ ፎቶ ካላችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ፣ አለዚያም ከ11 ሰዓት በኋላ ውጡ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነውና የምትርቀው፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማ የሰዉን ዓይን ሁሉ ታጨልማለች። ጠዋት ያው የዛገ የቆርቆሮ አጥር ወርቅማ ይሆናል፤ የቆርቆሮው እጥፋት እያንዳንዱ የራሱን ጥላ ይጥላል።

ይህን የምለው ሁሉም ሠዓሊ ይሁን ብዬ አይደለም፤ ለዚያ ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። እኔን የሚቆጨኝ የሕፃናቱ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ነው። ከሰሌዳ የሚገለበጠው ዛሬም የሣር ጎጆና ከሁለት ተራራ መሃል የምትወጣ ፀሐይ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ተወልዶ ያደገው ልጅ ሳይቀር ይህንኑ ይስላል። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ከግቢ ወጥተው በሩ ላይ የተቀመጠችውን ቆሎ ሻጭ ቢስሉስ? በጀት አይጠይቅም። ርዕሰ መምህሩ ይፍቀዱ፤ ከእሳቸው በፊት ግን ሻጯ ትጠየቅ።